ሰዓቱ የማን ነው?

ሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። ደብረ ብርሃን የክረምት ማጠናከሪያ ፊዚክስ አስተምር ነበር። የ21ኛው ክፍለ ዘመን ረጅሙ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ በዚያው ምሽት ስለሆነ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ «ሙሉ ግርዶሽ፣ ማታ 1:30። ግቢ እንገናኝ።» ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን ነው ይባላል። እኔ ደግሞ ጨለማ ላሳይ ነው።

አሥራ አራት ተማሪ መጣ። ጋቢ የደረበ፣ ከእናቱ ጋር የመጣም አለ። የሐምሌን ብርድ ለአገሩ ሰው አልነግርም። ጨረቃ በደመናው ስንጥቅ ብቅ ስትል ነጭ ናት፣ ድፎ ዳቦ የመሰለች። 1:30 አለፈ። 2:00 ሆነ።

«ቲቸር፣ ቀረ እንዴ?»

«ደመናው ነው» አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ጨረቃዋ ፊት ለፊታችን ናት።

2:30 ላይ እናቶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ሦስት ተማሪዎችና ዘበኛችን ቀረን። ዘበኛው በርኖሳቸውን ተከናንበው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

«መምህር፣ ግን ይሄ ሰዓት የማን ነው?»

ወረቀቴን አወጣሁ። 19:30 ይላል። ስድስት ሲቀነስ 1:30። ልክ ነኝ። ከግርጌው ግን በደቃቅ ፊደል «በግሪንዊች ሰዓት» የሚል አለ። እኛ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። መጀመሪያ ሦስት መደመር ነበረብኝ። ከምሽቱ 4:30! ልጆቹ በጂኦግራፊ የተማሩት ነገር እኮ ነው። ላብ አጠመቀኝ፣ በዚያ ብርድ።

3:24 ላይ ጠርዟ ተነከሰ። 4:30 ላይ ሙሉ በሙሉ የምድር ጥላ ውስጥ ገባች፤ አልጠፋችም፣ እንደ ጋለ ሸክላ ቀላች። በምድር አየር ዳር አልፎ የታጠፈ ቀይ ብርሃን ነው የሚደርሳት። ማርስ ከበታቿ ቀይ ፍም ሆና ትታያለች።

«ለምን ይሄን ያህል ትቆያለች?» አለች አንዷ። በጥላው መሀል ለመሀል ልታልፍ ምንም አልቀራትም። በዚያ ላይ ያን ሰሞን ከምድር የራቀችበት ጊዜ ነው፤ ስትርቅ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። እስከ 6:13 ቀይ እንደሆነች ቆየች፣ 1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ። ሙሉ ግርዶሽ ቢረዝም ቢረዝም ከ1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ብዙም አያልፍም።

ዘበኛው የቆሎውን ገለባ አራገፉ። «ለአንድ ሰዓት ተኩል ነገር ሦስት ሰዓት አስጠበቅኸን» አሉኝ።

ሰኞ ክፍል ስገባ ሰሌዳው አልተጠረገም። ከ1:30 አጠገብ በጠመኔ «+3» ተጽፎበታል። የማን እጅ እንደሆነ አውቄአለሁ፤ ዝም ብዬ ጠረግኩት።