የሚለቀስለት ሰው

እዚህ ቨርጂኒያ አረጋውያንን እየተንከባከብኩ ስለምኖር፣ ድካምን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላት ከጆሮዬ አይጠፉም። ከሁሉም ልቤን የሚነካው «ፊብል» ነው። ደካማ፣ አቅም የከዳው እንደማለት።

ሥሩ ላቲን ነው። «ፍሌሬ» ማልቀስ ነው። ከሱ «ፍሌቢሊስ» ወጣ፤ የሚለቀስለት፣ አንጀት የሚበላ። ቃሉ በድሮ ፈረንሳዮች አፍ ሲመላለስ የመጀመሪያዋ «ል» ወደቀችና «ፌብል» ሆነ። ኖርማኖች በ1066 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ብዙ የፈረንሳይ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ጎርፏል። ይኼም አንዱ ነው። እና ቃሉ ሥሩ ላይ ደካማውን ብቻውን አልተወውም። የሚያለቅስለት ሰው አብሮት አለ። ይኼን ሳውቅ ቃሉን በጣም ወደድኩት።

ወንድምም አለው፤ «ፎይብል»። የሰይፍ ስለት ከመሀሉ እስከ ጫፉ ያለው ደካማ ክፍል ነው። በእጀታው በኩል ያለው ብርቱ ክፍል «ፎርት» ይባላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፎይብል ወደ ሰው ጠባይ ተዛውሮ ትንሽ ጉድለት ማለት ሆነ። እሱ ማንንም አልጎዳም።

ፊብል ግን በክፉ እጅ ወደቀ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሐኪሞችና ሕግ አውጪዎች «ፊብል ማይንድድ»፣ አእምሮ ደካማ፣ በሚል መደብ ሰው ይፈርጁ ነበር። ቨርጂኒያ በ1924 እንዲህ የተባሉትን ያለፈቃዳቸው ማምከን የሚፈቅድ ሕግ አወጣች።

ኬሪ በክ የቻርሎትስቪል ልጅ ናት። በ17 ዓመቷ የአሳዳጊዎቿ ዘመድ ደፈራትና አረገዘች። እነሱም አእምሮዋ ደካማ ነው ብለው ሊንችበርግ አጠገብ ወዳለው ተቋም አስገቧት። እናቷም እዚያው ነበረች። የኬሪ ልጅ ቪቪያን ገና ጨቅላ ሳለች፣ ያየቻት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ መልኳ ትክክል አይመስልም ብላ መሰከረች። በጨቅላ ፊት! በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኬሪ ትምከን ብሎ 8 ለ 1 ፈረደባት። ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ የእንዲህ ዓይነት ሰዎች ሦስት ትውልድ ይበቃል ብለው ጻፉ። እዚያ የመረጡት ቃል «ኢምቤሲል» ነው። እሱም በላቲን ደካማ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ኬሪን አመከኗት።

ቪቪያን አደገችና ትምህርት ቤት ገባች። በ1931 ስሟ ከጎበዝ ተማሪዎች ዝርዝር ላይ ወጣ። በተከታዩ ዓመት፣ በ8 ዓመቷ፣ ታማ ሞተች። እናቷ እስከ 1983 ኖረች። በኋላ ያገኟት ባለሙያዎች አእምሮዋ ምንም እንዳልነበረበት መስክረዋል። ሕጉ የተሻረው በ1974 ነው። የቨርጂኒያ ገዥም በ2002 ይቅርታ ጠየቁ፤ እሷ ግን ይቅርታውን አልሰማችም።

ይኼን ካነበብኩ ወዲህ ሰዎቼን በአንድ ቃል አልመዘግብም። ሥራውን አዲስ ለሚጀምሩት ልጆችም ይኼንኑ እላለሁ። «ደካማ ናቸው» ብላችሁ አትጻፉ። «ከወንበር ሲነሱ የአንድ ሰው ድጋፍ ይፈልጋሉ። ማንኪያ ራሳቸው ይይዛሉ። ጠዋት ላይ ይበረታሉ» ብላችሁ ጻፉ። ቀጣዩ ተረኛ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቀው ከዚህ ነው።