የሳሎኔ ባሕር

ግንቦት 21፣ ሸዋ ሮቢት

ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ቆርቆሮው ጧ ጧ ይላል። መንገዱ ላይ ውሻ እንኳን አይታይም። እኔ ቴርሞሜትሩ ላይ አፍጥጫለሁ። 30.5።

አኳሪየም ይዤ ወደ ሸዋ ሮቢት መምጣቴን የሰማ ሁሉ ይስቃል። ያውም የጨው ውሃ! 120 ሊትር ገንዳ ነው። ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ዓሣዎች፣ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች፣ አንድ ሽሪምፕ። ሽሪምፑ እንኳን አሁን የለም፣ እመጣበታለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ ወደ ውጭ ከሚሄድ ሰው ላይ ነው የገዛሁት። እዚያ ጭንቀቴ ማሞቂያው ነበር። ሥራ ወደ እናቴ ቤት ሲመልሰኝ ማሞቂያውን ካርቶን ውስጥ ከተትኩት፤ እስከ ዛሬ አልወጣም።

ደብረ ብርሃን ያለችው እህቴ "እኔ ጋ ቢሆኑ ጋቢ ነበር የምትደርብላቸው" ትለኛለች። እውነቷን ነው። እሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ናት። እኔ ጣርማ በርን ወርጄ 1,300 ገደማ ላይ። ዓሣዎቹ ግን አገራቸው ራሱ ባሕር ጠለል ነው። ለእነሱ ሁለታችንም ሰማይ ቤት ነን።

ለእንዲህ ያለ ገንዳ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ጥሩ ነው። 30ን ሲያልፍ ነገር ይበላሻል። ዓሣው ሲሞቀው ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ውሃው ደግሞ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። እዚህ ከፍታው ራሱ ትንሽ ይቀንስበታል። ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሁለቱም ውሃው አፋፍ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። የሚተነፍሱበት ስንጥባቸው ቶሎ ቶሎ ይመታል። 31 ገብቷል።

ደነገጥኩ። ፍሪዘር ውስጥ የነበሩትን ሦስት ሃይላንድ በረዶዎች በአንዴ ገንዳው ውስጥ ለቀቅኳቸው። ክዳናቸው ጥብቅ ስለሆነ የቧንቧው ውሃ ከባሕሩ ጋር አልተቀላቀለም፤ እሱን እንኳን አስቤበታለሁ። ውሃው ወደ 28 ወረደ። ደስ አለኝ። ማታ ተመልሶ 31። በማግስቱም እንደዚያው። ሙቀቱ በየቀኑ እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ ደግሞ ከሙቀቱ ባልተናነሰ ይጎዳቸዋል።

ከዚያ የመስታወት ክዳኑን አንስቼ በትንኝ ወንፊት ቀየርኩት። ዘለው እንዳይወጡ ነው። ትንሿን ቬንትሌተር የውሃውን ፊት እንድትመታ አድርጌ ጠመድኳት። መብራቱንም ቀን ማብራት ትቼ ወደ ማታ አዞርኩት። በሁለት ቀን 27.5 ሆነ። እማዬ መጥታ አየችና "ታዲያ እንስራ አደረግከው በለኛ" አለች።

ልክ ናት። እንስራ ላብ እያላበው ነው ውሃውን የሚያቀዘቅዘው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ይዞት የሚሄደው ሙቀት፣ አንድ ሊትር በረዶ ቀልጦ እስኪሞቅ ከሚወስደው አምስት እጥፍ ያህል ነው። እኔ ስንት ቀን ሃይላንድ ስደረድር ከረምኩ! እርግጥ ክረምት ገብቶ አየሩ ሲረጥብ ቬንትሌተር ያን ያህል አይሠራም። የግንቦት ደረቅ አየር ግን ምቹ ነው።

አሁን ወደ ሽሪምፑ ልምጣ።

የሚተን ውሃ ከየትም አይመጣም፣ ከገንዳው ነው። በቀን ሦስት ሊትር ይጎድላል። እኔ ብልጡ፣ "ባሕር በባሕር ነው የሚሞላው" ብዬ ለአንድ ሳምንት የጨው ውሃ እየበጠበጥኩ ሞላሁበት። በሊትር 35 ግራም፣ በሚዛን እየለካሁ። ጎረቤቶች "የአፋር ጨው እያለ" ብለው ቀልደውብኝ፣ እኔ የባሕር ጨው ሌላ መሆኑን፣ ማግኒዥየሙንና ካልሲየሙን ሳስረዳ ነበር። ዋናውን ነገር ግን ረሳሁት። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። ጨው አይተንም።

በሰባተኛው ቀን ሽሪምፑን ድንጋዩ ሥር ተገልብጦ አገኘሁት። ቀንድ አውጣዎቹ ተዘግተዋል። የጨው መለኪያውን አወጣሁ። 35 መሆን የነበረበት 41 ሆኗል።

የቀይ ባሕር ሰሜኑ ክፍል ልክ እንደዚህ ነው፣ 40 አካባቢ። ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ይወስዳሉ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስበት ወንዝ የለም። ስለዚህ ጨዉ ይቀራል። እኔም በ120 ሊትርና በአንዲት ቬንትሌተር ቀይ ባሕር ሠርቼ ቁጭ አልኩ። ዓሣዎቹ ቻሉት። ሽሪምፕ ግን እንዲህ ያለውን ለውጥ አይችልም።

ለመመለስም አልቸኮልኩም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የጨው ውሃ እየቀዳሁ በተጣራ ውሃ ተካሁት። አሁን መስታወቱ ላይ በማርከር መስመር አስምሬያለሁ። ጠዋት ጠዋት ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ በጣሳ እስከ መስመሩ እሞላለሁ። አለቀ። በጣሳ የሚፈታ ነገር ነበር።

ይህን እየጻፍኩ መብራት ሄደ።

ቬንትሌተሯ ቀስ ብላ ቆመች። የባትሪዋን የአየር ፓምፕ ከመሳቢያው አውጥቼ ለኮስኳት፤ አረፋው ጀመረ። እማዬ ከጓዳ ወጣች። ምንም አላለችም። በርጩማ ስባ ገንዳው አጠገብ ተቀመጠችና በከሰል ማራገቢያዋ ውሃውን ታራግብ ጀመር።

"ስንት ገባ?" አለችኝ ከቆይታ በኋላ።

"ሠላሳ አንድ ሊሞላ ነው።"

"ጣሳውን አምጣ እንግዲህ" አለችና ማራገቢያውን ወደ ግራ እጇ አዛወረችው።