ፒችትሪ የሚከፍት፣ መብራት ሲሄድ አብሮ የማይሄድ

ያገለገለ ላፕቶፕ ከያዝኩ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ሻጩ የሰጠኝ ሰባት ቀን ነው፣ "እህቴ ውሰጂው ስሪበት፣ ቅር ካለሽ በሳምንትሽ ይዘሽው ነይ ብርሽን እመልስልሻለሁ" ብሎኝ ነው ይዤው የወጣሁት፣ እና ነገ ወይ መገናኛ ተመልሼ እሄዳለሁ ወይ የኔ ሆኖ ይቀራል። ቲንክፓድ ኤክስ 1 ካርቦን ነው፣ ዘጠነኛው ጄኔሬሽን፣ የፈረንጆች 2021 ሞዴል፣ ከዱባይ የገባ ያገለገለ። 85 ሺ ብር። ቁጥሩን ስጽፈው ራሱ ይከብደኛል ምክንያቱም ብሩ የዕቁብ ብር ነው፣ በየሳምንቱ ሳላሳልፍ የጣልኩት፣ እጣው ሲወጣልኝ እናቴ "ወርቅ ግዢበት ልጄ፣ ወርቅ አይበላሽም" ነበር ያለችኝ። እኔ ግን ስራዬ ይሄው ነው፣ ኦዲተር ነኝ፣ ቢሮዬ ደንበኛው ያለበት ቦታ ነው፣ ዛሬ ካዛንቺስ ነገ ዱከም ከነገ ወዲያ ሀዋሳ፣ ያለ ላፕቶፕ ባዶ እጄን ነኝ።

የድሮው ማሽኔ ባለ 15.6 ኢንች ነው፣ ከነቻርጀሩ ሶስት ኪሎ ይጠጋል፣ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ታቅፌው ስሄድ ስድስት አመት ሆነኝ፣ ትከሻዬ ያውቀዋል። ፕሮሰሰሩ ሰባተኛ ጄኔሬሽን ስለሆነ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም (ኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛ ጀምሮ ነው የሚፈቅደው)፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ድጋፉ ቆሟል፣ ማለት የሰው ደሞዝ ዝርዝር፣ የሰው የባንክ ስቴትመንት የሚቀመጥበት ማሽን የሴኩሪቲ አፕዴት የማያገኝ ሆነ። ይሄ ብቻውን እንድቀይር ሊያስገድደኝ ይገባ ነበር። የቆረጥኩት ግን በሱ አይደለም።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ደንበኛ ቢሮ ተቀምጬ የባንክ ሪኮንሲሌሽን (የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ ስቴትመንት ጋር ማመሳከር) እየሰራሁ መብራት ሄደ። ባትሪው መሞቱን አውቃለሁ፣ ከሶኬት ከተነቀለ አንድ ደቂቃ አይቆይም፣ ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) አለን ብለውኝ ስለነበር ተማምኜ ነበር። ጭልም አለ። ፋይሉን የከፈትኩት በቀጥታ ከፍላሽ ላይ ስለነበር መብራቱ ሲመጣ አልከፈትም አለ፣ ኮራፕት ሆኗል፣ ከጠዋት ጀምሮ የሰራሁት በሙሉ። የፋይናንስ ኃላፊው አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፣ ምንም አላሉም፣ ዝም ብለው ሻይ አዘዙልኝና "አይዞሽ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ትደግሚዋለሽ" አሉኝ። እኔ የሳቸውን ሂሳብ ልመረምር የሄድኩ ሰው ነኝ፣ መዝገባችሁን በአግባቡ ያዙ የምል ሰው ነኝ፣ እና የራሴን ስራ መያዝ አቅቶኝ ሳቸው ሲያጽናኑኝ፣ ያንን ሻይ እንዴት እንደጠጣሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

እና ከዛ ቀን ጀምሮ ነው ላፕቶፕ ማየት የጀመርኩት፣ ግን አስተያየቴ ተቀየረ። ድሮ ስንት ጂቢ ራም፣ ኮር ምንት እያልኩ ነበር የምጠይቀው። አሁን የምጠይቀው መብራት ቢሄድ ስንት ሰዓት ይቆይልኛል፣ ፒችትሪ (የሂሳብ መዝገብ መያዣው ሶፍትዌር) ይከፍታል ወይ፣ ታክሲ ውስጥ ይዤው ስቆም ይከብደኛል ወይ፣ ብሰረቅ የደንበኛዬ ሚስጥር አብሮ ይሄዳል ወይ ነው።

ሰው ሁሉ "ማክ ግዢ" ይላል። ታናሽ ወንድሜ ማክቡክ ኤር ኤም 1 አለው፣ ቅዳሜና እሁድ ተውሼው ሞከርኩት እና እውነቱን ለመናገር እንደሱ አይነት ባትሪ አይቼ አላውቅም፣ ቅዳሜ ጠዋት ከቻርጅ ነቅዬው እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስም እየሰራ ነበር፣ ፋን የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም፣ ድምጹ አይሰማም፣ አይግልም። ወደድኩት። ግን የኔ ስራ እሱ ውስጥ አይገባም። ፒችትሪ የዊንዶውስ ሶፍትዌር ነው፣ ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ከአስር አመት በላይ ቢሆነውም እኛ ሀገር ግማሹ ድርጅት አሁንም የድሮውን ቨርዥን ነው የሚጠቀመው፣ እና ደንበኛ ባክአፑን በፍላሽ ሲሰጠኝ እዛው ሪስቶር አድርጌ ጄኔራል ሌጀሩን (ዋናውን የሂሳብ መዝገብ) ማየት አለብኝ። በኤም ቺፕ ማክ ላይ ደግሞ ድሮ ዊንዶውስ የሚጫንበት ቡት ካምፕ ቀርቷል፣ ዊንዶውስ ልጫን ካልኩ በፓራለልስ (ማክ ውስጥ ዊንዶውስ የሚያስነሳ ፕሮግራም) ለኤአርኤም ቺፕ የተሰራውን ዊንዶውስ ነው የምጭነው፣ እሱ ላይ የ2010 ፒችትሪ ከነዳታቤዙ ቀጥ ብሎ ይሰራል ብዬ የደንበኛ ስራ አላስይዝም። የማኩ ኤክሴልም ፓወር ፒቮት (ብዙ ዳታ መተንተኛው) የለውም። ፍላሽ የሚሰካበት የድሮው አይነት ቀዳዳም የለውም፣ አዳፕተር መያዝ ነው። ወንድሜ ዲዛይነር ነው፣ ለሱ እንደሱ ያለ እቃ የለም፣ ለኔ ግን አልሆነም፣ እሁድ ማታ መለስኩለት።

ከዛ ቲንክፓድ ፍለጋ። ይሄን በደንብ ልጻፈው ምክንያቱም ያገለገለ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ አንድ በጣም ንጹህ ማሽን አሳዩኝ፣ ጭረት የለው፣ ዋጋውም ቀነስ ያለ፣ ልከፍል ነበር። ከዛ የቢሮአችን የአይቲ ልጅ የነገረኝ ትዝ አለኝ፣ "እትዬ፣ ብር ከመክፈልሽ በፊት ሪሴት አስደርጊውና ከዋይፋይ ጋር አገናኚው" ብሎኝ ነበር። የሱቁ ልጅ ደስ አላለውም ግን አደረገልኝ፣ አርባ ደቂቃ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፣ ከስልኬ ዋይፋይ ከፈትኩለት፣ ከዛ ስክሪኑ ላይ የአንድ የውጭ ድርጅት ስም ከነሎጎው መጣና የሰራተኛ ኢሜይልና ፓስዎርድ አስገቢ አለኝ። ማሽኑ በድርጅቱ ስም ማይክሮሶፍት ጋ ተመዝግቧል ማለት ነው፣ አውቶፓይለት ይሉታል፣ ኢንተርኔት ሳይነካ ዊንዶውስ ከተጫነበት ገዢው ምንም ሳያውቅ ይወስደዋል፣ አንድ ቀን ሪሴት ሲያደርገው ነው የሚቆለፍበት። ማክም ላይ አክቲቬሽን ሎክ የሚባል የዚህ ወንድም አለ። ሌላው ደግሞ ቲንክፓድ ሲነሳ ኤፍ 1 ተጭኖ ባይኦስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) መግባት ነው፣ ሱፐርቫይዘር ፓስዎርድ ከጠየቀ ትቶ መውጣት። ሻጩን አልተጣላሁትም፣ እሱም ላያውቅ ይችላል፣ አመስግኜው ወጣሁ ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ ያ የአመት ዕቁቤ ነበር።

የአሁኑን ሲያሳየኝ እንግዲህ ሁሉንም ሞከርኩ፣ ሪሴት፣ ዋይፋይ፣ ባይኦስ፣ ንጹህ ነው። ቀጥሎ ባትሪ። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቶ ፓወርሲኤፍጂ ስላሽ ባትሪሪፖርት ብሎ መጻፍ ነው (በእንግሊዝኛ ፊደል)፣ አንድ ፋይል ያወጣል፣ ብራውዘር ላይ ይከፈታል። እዛ ላይ ሁለት ቁጥር ነው የሚታየው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና አሁን ሙሉ ሲሆን የሚይዘው። የኔው 57,000 ሚሊዋት ሰዓት ነበር፣ አሁን 49,610፣ ሰማንያ ሰባት ፐርሰንት። ሻጩ በራሱ ጎንበስ ብሎ አየውና "ይሄን ማን አሳየሽ?" አለኝ፣ ከዛ ሌላ ሁለት ማሽን አምጥቶ አብረን አየንላቸው፣ አንዱ ከስልሳ ፐርሰንት በታች ወርዷል። በዛ ነው ያመንኩት፣ የወረደውን ደብቆ አላስቀመጠም፣ ባትሪው ይቀየራል አለና ለብቻው አስቀመጠው።

ማክሰኞ ዱከም ይዤው ሄድኩ። የበጀት አመቱን በፈረንጆች ታህሳስ የሚዘጋ ደንበኛ ስለሆነ ቆጠራ ነበር። መጋዘኑን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሲሚንቶ ወለል፣ አቧራ፣ ጠረጴዛ የለም፣ ላፕቶፑን የማስቀምጠው ካርቶን ላይ ነው። ሶስት ሰዓት ላይ መቶ ፐርሰንት ይዤ ጀመርን። ስቶር ኪፐሩ ቢን ካርዱን (የእቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን) እያነበበልኝ፣ ልጆቹ እየቆጠሩ፣ እኔ በግራ እጄ ማሽኑን ታቅፌ በቀኝ እጄ እያስገባሁ በመደርደሪያዎቹ መሀል እሄዳለሁ፣ 1.13 ኪሎ ነው፣ አንድ ኪሎ ስኳርን ትንሽ ቢያልፈው ነው፣ የድሮውን እንዲህ ይዤ መራመድ አላስበውም። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ መብራት ሄደ። ሁሉም ቆመ፣ የቢሮው ሰው ጄኔሬተር ሊያስነሳ ሮጠ፣ ናፍጣ የለም፣ ስቶር ኪፐሩ "እንግዲህ እህቴ ከሰዓት እንቀጥል?" አለኝ። አይ እንቀጥል አልኩት። በሩን ከፈትነው፣ ብርሃን ገባ፣ ስክሪኑ የማያንጸባርቅ ስለሆነ በበሩ ብርሃንም ቁጥሩ ይነበባል፣ ቀጠልን። ምሳ እንኳን ቆመን ነው የበላነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ረድፍ ጨርሰን ቅጹን ስንፈራረም ባትሪው 24 ፐርሰንት ላይ ነበር፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ። መብራቱ ገና አልመጣም። እኔ ሂሳብ እሰራለሁ እንጂ ስሜቴን መጻፍ አልችልበትም ግን ያን ሰዓት ያቺን የሐምሌዋን ሻይ አስታወስኩና ደረቴ ቀለል አለኝ።

የከፋኝም አለ። ፋኑ፣ ፒችትሪ ሪስቶር ሲያደርግና ትልቅ ኤክሴል ሲያሰላ ይጮሃል፣ ከማኩ በኋላ በጣም ይሰማል፣ ታቹም ይግላል። ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም፣ ስለዚህ 8 ጂቢውን ትቼ 16ቱን ወሰድኩ፣ የሚጨመረው ኤስኤስዲው (ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ) ብቻ ነው። ደግሞ ኪቦርዱ ላይ የቁጥሮቹ ሰሌዳ በጎን የለም፣ ይሄ ለሂሳብ ሰው ቀላል ነገር አይደለም፣ ስድስት አመት ሙሉ ቀኝ እጄ ሳላይ ነበር የሚጽፈው። ሁለት ቀን ተሰቃየሁ፣ ከዛ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የቁጥር ኪቦርድ ገዛሁ፣ ቢሮ ስቀመጥ እሰካዋለሁ፣ መጋዘን ውስጥ ግን ከላይ ባለው ረድፍ መልመድ ነው። ፊደሎቹ ላይ ግን ጣት ሲያርፍ ደስ ይላል፣ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሪፖርት ስጽፍ ስህተቴ ቀነሰ። መሀል ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ቲንክፓድ አይቢኤም ቤት በፈረንጆች 1992 ከተጀመረ ጀምሮ ያለች ናት፣ ለኖቮ በ2005 ከገዛውም በኋላ አልነኳትም፣ የመጀመሪያው አለቃዬ ማውዝ ሳይዝ በሷ ብቻ ሲሰራ ይገርመኝ ነበር፣ አሁን እኔም ታክሲ ውስጥ እየለመድኳት ነው።

ስክሪኑን አስቤ ነው የመረጥኩት። ፎርኬ ያለውም ነበር፣ ያምራል፣ ግን ባትሪ ይበላል፣ ያ የድሮው ፒችትሪ ደግሞ እንደዛ ያለ ስክሪን ላይ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። በዚህኛውም ትንሽ አንሶ ነበር፣ አይከኑን ቀኝ ክሊክ አድርጌ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ ውስጥ ገብቼ የዲፒአይውን ሲስተም ኢንሃንስድ ሳደርገው ተስተካከለ። ከላይ እስከ ታች የሚያሳየው ከድሮው ስለሚበልጥ ኤክሴል ላይ አምስት ስድስት ረድፍ ተጨማሪ ይታየኛል፣ ትራያል ባላንስ (የሂሳቦቹን ሚዛን ዝርዝር) ሳነብ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የደንበኛ ደብዳቤ በፓወር ግዕዝ ተጽፎ ሲመጣም ፎንቱን ስለጫንኩ እንደወጉ ይነበባል። ቢትሎከር (ዲስኩን በሚስጥር ቁልፍ የሚቆልፈው) አበራሁ፣ ቁልፉን አትሜ ቤት አስቀመጥኩ፣ ማሽኑ ቢጠፋብኝ ብሩ ነው የሚጠፋው፣ የሰው ሂሳብ አይደለም። የጣት አሻራውም ይሰራል፣ ቆጠራ ላይ እጄ አቧራ ሲሆን ብቻ ነው እምቢ የሚለኝ፣ በቀሚሴ ጠረግ አድርጌ እደግመዋለሁ።

አሁን ማታ ሶስት ሰዓት ተኩል ነው። ሰፈራችን መብራት ከሄደ አንድ ሰዓት አልፎታል፣ እናቴ ሻማ አብርታ አጠገቤ ጥጥ ትፈትላለች፣ ይሄን የምጽፈው እሱ ላይ ነው። ቅድም ቀና ብላ አየችኝና "ይሄ ነው የወርቁ?" አለችኝ። አዎ እማ አልኳት። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ትንሽ አየችውና እንዝርቷን ይዛ ወንበሯን ወደኔ አስጠጋች፣ ከሻማው የሱ ብርሃን ይሻለኛል ብላ። ብርሃኑን ጨመርኩላት። 61 ፐርሰንት ይላል። ነገ ጠዋት ለሻጩ ደውዬ አልመልሰውም እለዋለሁ።