መጠበቅ የማይችል ቅጠል

ሐሙስ፣ ማታ

አባቴ እህል የሚሸጡበትን ቀን የሚመርጡት ራሳቸው ነበሩ። አዝመራው በተሰበሰበ ሰሞን ነጋዴው በር ድረስ መጥቶ ዋጋ ይጠራል። «አይሆንም» ይሉታል። ይሄዳል። ከወራት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ የሚጠራው ዋጋ ሌላ ነው። ሀብታሞች አልነበርንም፤ ግን ጎተራው ውስጥ እህል እስካለ ድረስ አባቴ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። ያቺ «አይሆንም» ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበረች የገባኝ ሰሞኑን ስለ ሻይ ገበሬዎች ሳነብ ነው።

የሻይ ገበሬ እምቢ የሚልበት ጊዜ የለውም። ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ ከጫፍ ተቀንጥቦ ቅርጫት ውስጥ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ መጠውለግ ይጀምራል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፋብሪካ ካልደረሰ፣ በተለይ ተጠቅጥቆ ከተጫነ፣ በራሱ ሙቀት ይበላሻል። ገበሬው የዛሬውን ዋጋ አልወደድኩትም ብሎ ቅርጫቱን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ቢመለስ፣ ጠዋት የሚያገኘው ማንም የማይገዛው የጠቆረ ክምር ነው። መንገዱ ጨቅይቶ የጭነት መኪናው ሲዘገይ እንኳ ኪሳራው የእሱ ነው።

ታዲያ ጭራሽ ባይለቅመውስ? ይህን ራሴን ጠይቄ ነበር። ለካስ ሻይ እንደ ልቡ ቢተው ዛፍ ነው። ከወገብ በታች ሆኖ የሚኖረው በየሰባቱ ወይም በየአሥራ አራቱ ቀን ስለሚለቀምና በየጥቂት ዓመቱ ስለሚገረዝ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ከተረሳ ለጋው ይጠነክራል። ለወራት ከተረሳ ሽቅብ ይመዘዛል፤ ያኔ መልሶ መግረዝ ግድ ነው፤ ከተገረዘ በኋላ ደግሞ ለወራት የሚለቀም ቅጠል የለም። ስለዚህ ዋጋ ወደቀም ተነሣም ይለቀማል። ነቅሎ ሌላ ልትከል የሚልም አለ፤ ግን የሚነቅለው ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያገለግል የሚችል ተክል ነው። ሐሳቡን ቀይሮ እንደገና ቢተክል የመጀመሪያውን ለቀማ ለማየት ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ቅጠሉ አንድ ቀን አይጠብቀውም፤ ተክሉ ግን ዓመታት ያስጠብቀዋል።

እኔ ሻይ ሲባል በዓይነ ኅሊናዬ የሚመጣው ተራራ የሚያለብስ የአንድ ትልቅ ኩባንያ እርሻ ነበር። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው ግን ከዓለም ሻይ 60 በመቶ የሚሆነው ከአነስተኛ ገበሬዎች ማሳ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የሻይ ካርቶን ላይ ያለው ሥዕል ሌላ ሆኖ ይታየኛል።

ዛሬ ሌሊት ወረቀት ላይ ትንሽ ስሌት ሠራሁ። አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ እርጥብ ቅጠል ያስፈልጋል። በመካከል ማድረቂያው የሚፈልገው ማገዶና መብራት፣ ማጓጓዣው፣ የፋብሪካው ሠራተኛ ደመወዝ፣ የደላላው ድርሻ አለ። እነዚህ ሻይ ረከሰ ብለው አይቀንሱም። ለምሳሌ ያህል፣ የፋብሪካው ሻይ የሚሸጥበት ጨረታ 100 ሲከፍል ወጪው 30 ከሆነ ለገበሬው 70 ይተርፋል። ጨረታው ወደ 80 ቢወርድ ወጪው ያው 30 ነው፤ ለገበሬው የሚቀረው 50። ገበያው የወደቀው በ20 በመቶ ነው፤ የገበሬው ገቢ ግን በ29 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ዜናው ላይ የሚነገረው የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ቤት የሚደርሰው ሁለተኛው።

ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀረው ማዳበሪያ ነው። ልጅ ከማስራብ ተክል ማስራብ ይቀላል፤ ማንም ወላጅ ያንኑ ያደርጋል። ግን በሚቀጥለው ዓመት ቅጠሉ ይሳሳል። ከዚያ የቀን ሠራተኛ ይቀራል፤ ለቀማው በሚስትና በልጆች ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በብዙ ቦታ ቅጠሉን የምትለቅመው ሴቷ ሆና ሳለ መዝገቡ ላይ ያለው፣ ክፍያውም የሚገባው በባልየው ስም ነው። ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አሉኝ፤ ስለዚያ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ሦስተኛው ነገር እጅ ላይ የሚታይ ነው። ክፍያው በኪሎ ስለሆነ ኪሎ ለመሙላት ከእምቡጧና ከሁለቱ ለጋዎች በታች ያለው ጠንካራ ቅጠልም ይቀነጠባል። ሚዛኑ ላይ ይከብዳል፤ የሻዩ ጥራት ግን ይወርዳል፤ ደካማ ሻይ ደግሞ ጨረታው ላይ ዋጋውን የበለጠ ይጎትተዋል። ሳይጠነቀቁ ቀርተው ነው የሚል ሰው ቢያጋጥመኝ እከራከረዋለሁ። ዛሬ ማታ መክፈል ያለበት ዕዳ ያለበት ሰው ስለ ወደፊቱ ጥራት የሚያስብበት ፋታ ከየት ያመጣል?

ኬንያ ይህን ለማስቆም ሞክራ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 የአነስተኛ ገበሬዎች ፋብሪካዎች ሻይ በሞምባሳው ጨረታ ከኪሎ 2.43 ዶላር በታች እንዳይሸጥ ወለል ተቀመጠለት። ሳነበው ደስ አለኝ፤ የአባቴን ጎተራ በአገር ደረጃ የመሥራት ያህል ሆኖ ታየኝ። ግን ገዢው ከሌላ ሻጭ መግዛት ይችል ነበር፤ ያልተሸጠ ሻይ መጋዘን ውስጥ ተከማቸ፤ ደረቅ ሻይም ቢሆን ሲከርም ጣዕሙ ይሞታል። በ2024 ወለሉ ተነሣ። ወለሉን ያስቀመጡትን መውቀስ አልችልም፤ ሐሳባቸው ልክ ነበር እላለሁ። አንድ ሻጭ ብቻውን እምቢ ሲል ሌሎቹ እሺ እያሉ ነበር፤ ችግሩ እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ማታ ለአባቴ ደወልኩና ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። እርሻ ከተዉ ቆይተዋል፤ ግን ስለ እርሻ ሲሆን ጆሯቸው ይነቃል።

«ዝናቡ ደህና ሲሆንስ?» አሉኝ።

ዝናብ በየአገሩ ደህና ሲሆን ቅጠሉ እንደሚበዛ፣ ሲበዛም ዋጋው እንደሚወርድ ነገርኳቸው።

«እህልም ያው ነው» አሉ። «ግን እህል ያድራል።» ትንሽ ቆዩና «ማሳቸው ስንት ነው?»

«ብዙዎቹ ከአንድ ሄክታር በታች ነው ያላቸው።»

«ታዲያ ልጆቹ ምን ይላሉ፤ ይቆያሉ?»

«ብዙዎቹ ትተው ከተማ ይገባሉ፣ አባዬ።»

«እህ» አሉ። እኔም የሄድኩት እንዲሁ ነበር፤ ሁለታችንም አላነሣነውም። ስለ ጤናቸው ጠየቅኋቸውና ስልኩን ዘጋን።