ባትሪ ከመጨመራችሁ በፊት ሳጥኑን ክፈቱ

በመጨረሻ 20 አምፔር ሳይወርድ ደረሰ። የካምፒንግ ተሳቢው ከመኪናው ኋላ ተያይዞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የተሳቢውን ባትሪ የሚሞላው ቻርጀር ከመነሻ እስከ መድረሻ ያንኑ 20 አምፔር ሰጠ። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን ለዚህ ቁጥር ስንት ቅዳሜ ስለገበርኩ ትንሽ ልኩራራ።

መጀመሪያው እንደ ብዙዎቻችሁ ነው። ተሳቢው የአሲድ ባትሪ ነበረው። ከመኪናው በሚመጣ ቀጭን ሽቦ ይሞላል ይባላል እንጂ አይሞላም። ቀኑን ሙሉ ተነድቶ ማታ ላይ ፍሪጁ ይጠፋል። ባትሪውን በ100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም፣ ፎስፌት በሚባለው ዓይነት፣ ቀየርኩት። የዚህን ዝርዝር እዘለዋለሁ። ወደ 14.4 ቮልት የሚሰጥ ቻርጀር እንደሚፈልግና ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ እንደሌለበት ካወቃችሁ፣ የቀረው ብሎን ማጥበቅ ነው።

አንድ የሚያናድደኝ ምክር አለ። «ባትሪ ጨምር» የሚሉት። ቧንቧው ጠቦ ውኃ ሳይመጣ ሁለተኛ በርሜል መግዛት ማለት እኮ ነው። መጀመሪያ የሚታየው መንገዱ ነው።

መንገዱን በስሌት እንየው። ከመኪናው ባትሪ እስከ ተሳቢው ባትሪ 7 ሜትር ነው እንበል። ደርሶ መልስ 14 ሜትር ሽቦ ይሆናል። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነና 20 አምፔር ይለፍበት ካልን፣ መንገድ ላይ ወደ 2 ቮልት ይበላል። ዲናሞው 14.2 ቢሰጥ እንኳ እዚያ የሚደርሰው 12.2 ነው። በዚህ ቮልት ሊቲየም አይሞላም፣ ስለዚህ 20 አምፔሩም አይመጣም፤ ሁለት ሦስት አምፔር እየተንጠባጠበ ይውላል። ያንኑ ርቀት በ16 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ስንሠራው ኪሳራው 0.3 ቮልት አካባቢ ነው። አዲሶቹ መኪኖች ደግሞ የራሳቸው ባትሪ ሲሞላ የዲናሞውን ቮልት ሆን ብለው ያወርዳሉ። ስለዚህ ወፍራም ገመድ ብቻውን አይበቃም። ቮልቱን መልሶ ከፍ የሚያደርግ፣ ከባትሪ ወደ ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር ያስፈልጋል። ቦታውም ተሳቢው ባትሪ አጠገብ ነው።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ሥራ አይደለም። ካፖኮርዳ፣ ማለትም የገመዱ ጫፍ ላይ የሚገባው የብረት ቀለበት፣ በትክክለኛው መጭመቂያ ይጨመቅ። ማሳውንም፣ ማለትም የኔጋቲቩን መመለሻ፣ በመጎተቻው መንጠቆ ላይ አትመኑት፤ እዚያ ያለው ግራሶና ዝገት ነው። ኔጋቲቩ የራሱ ገመድ ይኑረው። ፊውዝ በሁለቱም ባትሪዎች በኩል፣ ለፖዘቲቩ ቅርብ። ፊውዙ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ልኩ የሚመረጠው በገመዱ አቅም ነው።

ይህን ሁሉ አሟልቼ ሳበቃ ነው ዋናው ራስ ምታት የጀመረው።

ቻርጀሩ ሲነሳ 20 አምፔር ይሰጣል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ወደ 10 ይወርዳል። ባትሪው ገና ግማሽ ነው፣ ሞልቶ ነው እንዳይባል። ሞተሩን አጥፍቼ ትንሽ አርፌ ስነሳ እንደገና 20። ከዚያ ደግሞ መውረድ። አንድ የማውቀው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ «ዲናሞህ ደክሟል» አለኝ። ሌላው ባትሪው የማይረባ ነው ብሎ ፈረደ። ሁለቱም ቴስተር ሳያወጡ ነው የፈረዱት።

ለእንዲህ ያለው ነገር የምወደው መሣሪያ ክላምፕ ሜትር ነው። ገመዱን ሳትቆርጡ፣ ሳትፈቱ፣ አቅፎ የሚያልፈውን አምፔር ይነግራችኋል። ስትገዙ ግን ቀጥተኛ ከረንት የሚለካውን ለዩ፤ ርካሾቹ አብዛኞቹ የሚለኩት የቤት ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፣ ለእኛ አይሆኑም። እኔ ከዚህና ከተራ ቴስተር ሌላ ምንም አልፈልግም። ስልክ ላይ ባለ ቀለም ግራፍ የሚያሳዩትን ነገሮች አላምናቸውም። ምክንያቴ ጠንካራ አይደለም፣ ግን አላምናቸውም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ምንም ሳይጫን ቮልት መለካት ይሸውዳል። ከረንት በማይሄድበት ሽቦ ላይ ኪሳራ የለም፣ ስለዚህ በጣም መጥፎው መገናኛ እንኳ ጤነኛ ይመስላል። ቻርጀሩ እየሠራ እያለ ቴስተሩን አንዱን ጫፍ በመኪናው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በቻርጀሩ መግቢያ ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። የምታዩት ቁጥር መንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። ከዚያ በኔጋቲቩም ይደገም። የእኔ ሁለቱ ተደምረው ግማሽ ቮልት አልሞሉም። ስለዚህ ገመዱ፣ ፊውዞቹና መገናኛዎቹ ነፃ ወጡ። አምፔሩ ወደ 10 በወረደበት ሰዓት ቻርጀሩ መግቢያ ላይ ከ13 ቮልት በላይ ስላለ ዲናሞውም ነፃ ወጣ።

የቀረው ራሱ ቻርጀሩ ነው። ፍንጩ ደግሞ ሰዓቱ ነበር። ጠዋት ላይ ቆይቶ ይወርዳል፣ እኩለ ቀን ላይ ቶሎ ይወርዳል። ቻርጀሩ ያለው አልጋው ሥር፣ ዙሪያውን በተዘጋ የኮምፖልሳቶ ሳጥን ውስጥ ነው። ቴርሞሜትር ከትቼ ነዳሁ። ስደርስ ሳጥኑ ውስጥ እጅ አያስገባም ነበር።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። 20 አምፔር በ14.4 ቮልት 288 ዋት ነው። ቻርጀሩ 90 በመቶ ያህል ብቃት ቢኖረው፣ 30 ዋት ገደማ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። 30 ዋት ትንሽ ይመስላል። መውጫ በሌለው ሳጥን ውስጥ ለሰዓታት ሲጠራቀም ግን ቻርጀሩ ራሱን ለማዳን አምፔሩን ይቀንሳል። አልተበላሸም፤ ሥራውን በደንብ እየሠራ ነው።

መፍትሔው ትራፓኖና ሁለት ቀዳዳ ሆነ። አንዱ ከታች በአንድ ጎን፣ ሌላው ከላይ በተቃራኒው ጎን። ከላይኛው ላይ 12 ሴንቲሜትር የኮምፒውተር ፋን ወደ ውጪ እንዲስብ አሰርኩ። 40 ዲግሪ ላይ የሚያስነሳው ትንሽ የሙቀት ማብሪያ አለው፤ ስለዚህ በብርድ ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ባትሪውንም አያቀዘቅዝብኝም። ቻርጀሩንም አቁሜ አሰርኩት፣ ሙቀት የሚያስወጡት የብረት ክንፎቹ ወደ ላይ እንዲሆኑ። ሞቃት አየር በክንፎቹ መሃል ራሱ ይወጣል። አየሩን ከወለሉ ሥር ሳይሆን ከክፍሉ ውስጥ እንዲወስድ አደረግኩ። ከወለል ሥር ከሆነ የኮረኮንቹን አቧራ በሙሉ ስቦ ያስገባል።

ተጠንቀቁ፣ ይህ ለሊቲየም ነው። የአሲድ ባትሪ ያላችሁ ይህን እንዳትገለብጡ። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ያወጣል። አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። ሃይድሮጂን ቀላል ስለሆነ መውጫው ከሳጥኑ ላይኛው ጫፍ ወደ ውጪ፣ ከተሳቢው ውጪ፣ ይሁን። ቻርጀሩም ከባትሪው ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አይግባ። የጋዝ ሲሊንደር ተቃራኒው ነው። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ወለሉ ላይ ያለውን የጋዝ መውጫ ቀዳዳ «ብርድ ያስገባል» ብለው የሚደፍኑ ሰዎች አይቻለሁ። ያንን ቀዳዳ አትንኩት።

ተሳቢው ውስጥ የምንተኛው ሰዎች ስለምንተነፍሰው አየርም አጭር ልበል። ተሳቢ ውስጥ ጠዋት መስኮቱ ላብ የሚያወርደው በትንፋሻችን ነው። ማብሰያው ይጨምርበታል፦ 1 ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ 1.6 ኪሎ ያህል ውኃ ይወጣዋል። በር ዘግቶ ማሞቅ እርጥበቱን አያባርረውም። ከታች መግቢያ፣ ከላይ መውጫ ያስፈልጋል። የጣራ ፋን ያላችሁ፣ የምትከፍቱት መስኮት ከፋኑ የራቀውን ይሁን። አጠገቡ ያለውን ከከፈታችሁ አየሩ አቋርጦ ይወጣል፣ አልጋው ጋ ያለው አይነቃነቅም። ሁሉንም መስኮት ዘግቶ የሚስብ ፋን ማብራት ደግሞ፣ ጋዝ ዕቃ እየነደደ ከሆነ፣ ጭሱን ወደ ውስጥ መልሶ ይጎትታል። በጭሱ ውስጥ ያለው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም። ማስጠንቀቂያው ሳይገጠም ጋዝ እያነደዱ መተኛት ድፍረት ነው፣ በዚህ አልደራደርም።

ይህን ሁሉ ከመከርኩ በኋላ የእኔ ጣራ ገና አልተቀደደም። ፋኑን ገዝቼዋለሁ፣ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። የሚፈልገው 35 ሴንቲሜትር ካሬ ቀዳዳ ነው። ውኃ በማያስገባ ጣራ ላይ መጋዝ ማንሳት እጄን ይዞኛል። እስከዚያ በመስኮትና በትንሽ ፋን እየኖርኩ ነው። በዝቅተኛው ፍጥነት ግማሽ አምፔር ነው የሚበላው፣ ሌሊቱን በሙሉ 4 አምፔር-ሰዓት። ከ100 ላይ ይህን መስጠት አይከብድም፣ አሁን ባትሪው ሞልቶ ስለሚደርስ።

የጣራ ፋን የገጠማችሁ፣ ዙሪያውን በሲሊኮን ነው ወይስ በቡታይል ቴፕ፣ በሚያጣብቀው ለስላሳ የጎማ ቴፕ፣ ያሸጋችሁት? እኔ ወደ ቡታይል አዘንብያለሁ፤ ሲሊኮን አንዴ ከተላጠ በላዩ ላይ ሌላ ነገር አይይዝም።