ከሐይቁ ዳር እስከ ታቦር

ዛሬ ከጓደኞቼ ጋር ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫን በአንድ ጠዋት አከታትለን ሠራን። ደስታዬ ልክ የለውም!

ሐሳቡን ያገኘነው ከሃዋይ ነው። በማዊ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው የኤክስቴራ ውድድር ከአስፋልት ውጪ ነው። 1.5 ኪሎ ሜትር ይዋኛል፤ ቀጥሎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በማውንቴን ባይክ፤ ከዚያ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የጫካ ሩጫ።

የእኛ አጠር ያለ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ ጉማሬም ቢልሃርዚያም ስላለበት ዋናውን በሆቴል ገንዳ ጨረስን። ብስክሌቱ በሐይቁ ዳር በኮረኮንች መንገድ አለፈ።

የሮጥንበት የሀዋሳው ታቦር ተራራ ግን ሌላ ነው። ከብስክሌት ወርደህ መሮጥ ስትጀምር እግርህ የራስህ አይመስልም። ጭኔ እንጨት ሆነ፤ ጠጠሩ ከጫማዬ ሥር ይንሸራተታል። ጓደኛዬ "አይዞህ፣ እርምጃህን አሳጥረው!" አለኝ። እውነትም ሠራ።

ብስክሌት እንደሆነ ከተማችን ሞልቷል። ቅዳሜ የሚመጣ ኮመንት ላይ ይጻፍልኝ።