ዲቪ ደረሰኝ ማለትና ግሪን ካርድ መያዝ

መስከረም 2010 መጨረሻ ላይ ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ካፌ ገብቼ 50 ብር ከፍዬ ዲቪ፣ የአሜሪካን የመኖሪያ ፈቃድ ዕጣ፣ ሞላሁ። ማለቴ፣ ተሞላልኝ። ልጁ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ነጭ አንሶላ ፊት አቁሞ ፎቶ አነሳኝ። ስሜን ጠየቀኝ፣ ትንሽ ጠቅ ጠቅ አደረገና «ቲቸር፣ አለቀ። ከደረሰህ እደውልልሃለሁ» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ቁጥር ስጠኝ አላልኩትም። ቁጥር የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ያ ፎርም የትም አልደረሰም። በዚያ ዓመት ድረ ገጹ ላይ የቴክኒክ ችግር ተፈጥሮ፣ ከኦክቶበር 18 ቀን 2017 በፊት የተሞላው ሁሉ ተሰርዟል። ምዝገባው በእኛ ጥቅምት 8 እንደ አዲስ ተከፍቶ እስከ ኅዳር 13 ነበር የቆየው። እኔ ይህን የሰማሁት በአጋጣሚ ነው። አዲስ አበባ የሚያስተምር ጓደኛዬ ለሌላ ጉዳይ ደውሎ፣ በወሬ መሃል «ዲቪውን እንደገና ሞላኸው አይደል?» አለኝ። የምን እንደገና?

ካፌው ተመልሼ ሄድኩ። ልጁ «ኧረ ተወው ቲቸር፣ የኛ ገብቷል» ብሎ ሊሸኘኝ ነበር። ችክ አልኩበት። ከዚያ ቀን በፊት ስንት ሰው 50 ብሩን ከፍሎ እንደሄደና ስንቱ ተመልሶ እንደመጣ እግዜር ይወቀው።

በሁለተኛው ዙር አጠገቡ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ይኼን ካደረኩት ነገር ሁሉ ትልቁ አድርጌ ነው የማየው። ለካ የመጀመሪያው ፎርም ባይሰረዝም ኖሮ አልቆልኝ ነበር። የተወለድኩት ኅዳር 12 ቀን 1981 ነው። ልጁ ኅዳር ሦስተኛ ወር ስለሆነ ማርች አለው። ዓመቱ ላይ ደግሞ ስምንት ደመረና 1989 ብሎ ቁጭ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ለተወለደ ሰው ግን ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ስምንት የሚሆነው የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ነው። ትክክለኛው ኖቬምበር 21 ቀን 1988 ነበር፣ ፓስፖርቴም የሚለው እሱን ነው። ደግነቱ ላልተሳካ ስኮላርሺፕ ብዬ ያወጣሁት ፓስፖርት ነበረኝ፤ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ቀጥሎ «ያገባ» ወይስ «ያላገባ» የሚለው ጋ ደረስን። «ያላገባ እንበለው፣ ወጪ ይቀንስልሃል» አለኝ። ምክሩ ከክፋት አልነበረም። ግን በሕግ የተጋቡትን ባል ወይም ሚስት፣ ወይም ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ያላገባ ልጅን ሳይጽፉ መቅረት ኢንተርቪው ላይ ያስጥላል። ባለቤቴን አስጻፍኩ፣ ፎቶዋንም አመጣሁ። መጨረሻ ላይ የወጣውን የኮንፈርሜሽን ቁጥር ፕሪንት አስደርጌ፣ በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ በሌሰን ፕላን ደብተሬ ጀርባም ጻፍኩት። ልጁ ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ። አልፈርድበትም፤ ለካ ገበያው ያለው እዚያ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩን የያዘ ሰው ውጤቱን ቀድሞ ያያል። ከዚያ «ደርሶሃል፣ ግን ይኼን ያህል ካልከፈልክ ቁጥሩን አልሰጥም» ይላል። ጅማ ውስጥ ይኼ የደረሰበት ሰው አውቃለሁ።

ግንቦት 7 ቀን 2010 ውጤት ወጣ። ቁጥሩን፣ የቤተሰብ ስሜንና የተወለድኩበትን ዓመት ሳስገባ ረጅም ደብዳቤ መጣ። ላልደረሰው የሚወጣው አጭር ነው፤ ስለዚህ ገና ሳላነበው ገባኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። «ደርሶሃል» የሚል ኢሜይል አይመጣም። የመጣለት ሰው ካለ አጭበርባሪ ነው የላከለት። ማየት የሚቻለው በራስ ቁጥር፣ እዚያው ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው።

ወሬው ከቦሳ ኪቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። አንድ የማላውቀው ሰውዬ ሻይ ጋብዞኝ «ባለቤትህን ለጊዜው በወረቀት ብትፈታት፣ አንዲት ሀብታም ቤተሰብ ያላት ልጅ አለች፤ ወጪህን ሁሉ ይሸፍናሉ» አለኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ስንት አሉህ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ እንስቅበታለን። የወረቀት ጋብቻ ግን የሚሳቅበት አይደለም። ከተነቃ ዲቪው ይቀራል፣ ዕድሜ ልክ የሚያሳግድ ማጭበርበር ሆኖም ይመዘገባል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ «ደረሰኝ» ማለት ቪዛ አለኝ ማለት አለመሆኑን ነው። በሕግ የተመደበው ቪዛ በዓመት 55,000 ነው፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለሌላ ፕሮግራም ይቀነሳል። አንድ አገር ከጠቅላላው ከ7 በመቶ በላይ አያገኝም። የሚመረጠው ሰው ግን ከቪዛው ቁጥር ይበልጣል። ስለዚህ ወረፋው ለደረሰው ሰው በሚሰጠው የፋይል ቁጥር፣ በኬዝ ነምበር፣ ይሄዳል፤ የበጀት ዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ላይ ሲዘጋ ያልደረሰው ይቀራል። የኔ ቁጥር መሃል ላይ ነበር። ጥሩም መጥፎም አልነበረም፣ ብቻ ያስጨንቃል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እንቅልፍ ያሳጣኝ እሱ ነው።

የአባቴ ስም ጫላ ነው። ፓስፖርቴ ላይ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሲ እና ኤች ተብሎ ተጽፏል። የጋብቻ ወረቀታችን ግን በቁቤ፣ በአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል፣ ነው። በቁቤ «ጫ» የሚጻፈው በሲ ብቻ ነው፣ አናባቢዎቹም ይደረባሉ። ለኛ ለጅማ ሰዎች ሁለቱም ጫላ ነው፤ የትኛውንም ብታሳዩን አንሳሳትም። ኤምባሲ ለተቀመጠ ሰው ግን ሁለት የተለያዩ አባቶች ናቸው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነበር። ማንም አላጠፋም እኮ፤ አንድ ስም በሁለት ፊደል አልፎ ሦስተኛው ላይ ሲያርፍ እንዲህ ይሆናል። ሰርተፊኬቱ ባይኖረኝ እተወው ነበር፣ ግን ዲቪ ወይ የአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ማጠናቀቅን ወይ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ሁለት ዓመት መሥራትን ይጠይቃል። እኔ የያዝኩት የመጀመሪያውን ነው።

እናም ኢንተርቪው እስኪጠሩኝ አልጠበቅኩም። ፍርድ ቤት ሄጄ ሦስቱም አጻጻፍ የአንድ ሰው ስም ነው የሚል ማስረጃ አወጣሁ። ሁለት ምስክር አቀረብኩ፤ አንዱ አባቴን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁ ጎረቤታችን ናቸው። «ጫላን ነው ማን ነው ብለው የሚጠይቁኝ?» ብለው ዳኛው ፊት ተቆጡ። ወረቀቱን አስተረጎምኩና ፋይሌ ውስጥ ከተትኩት።

ልጃችን የተወለደችው ነሐሴ 2010 ነው። ቆጥራችሁ ከሆነ፣ አዎ፤ ዲቪውም እሷም የተጀመሩት በዚያው ኅዳር ነው። ዲቪ ከተሞላ በኋላ የተወለደ ልጅ ይጨመራል፣ ችግር የለውም። ግን ዲኤስ-260 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ፎርም በሰኔ ልኬ ጨርሼ ነበር። ዲቪውን ለሚያስተናግደው፣ ኬንታኪ ላለው ማዕከል ጽፌ ፎርሙን አስከፍቼ አስገባኋት። ከዚያ የልደት ሰርተፊኬት፣ ከዚያ ፓስፖርት፣ ከዚያ ፎቶ። የሁለት ወር ሕፃን ዓይኗን ገልጣ፣ ቀና ብላ፣ ነጭ ነገር ላይ ተኝታ እንድትነሳ ለማድረግ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብን።

ገንዘቡ እንዲህ ነበር። ኢንተርቪው ላይ የሚከፈለው ለአንድ ሰው 330 ዶላር ነበር፤ ለሦስታችን 990። ሜዲካሉ ሌላ፣ ፓስፖርቱ ሌላ፣ ከቪዛ በኋላ ለግሪን ካርዱ ያኔ ይከፈል የነበረው 220 ዶላር በነፍስ ወከፍ ሌላ፣ ትኬቱ ደግሞ ሌላ። ከወንድሜ ጋር በጋራ የገዛናትን ባጃጅ ድርሻዬን ለሱ ሸጥኩለት። ትኬቱን በብድር። የማስተማር ደመወዝ ለዚህ አይሆንም፤ የሆነለት ካለ ይንገረኝ።

ሰኔ 2011 ላይ ኢንተርቪው ተጠራን። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሕፃን ይዘን ግቤን ስንወርድ ሙቀቱ፣ ስንወጣ ማስመለሱ። ቀደም ብለን የሄድነው ለሜዲካሉ ነው። ከኛ ጋር የተመረመረ አንድ ልጅ ሳንባው ላይ ጥላ ታየና አክታው እስኪመረመር ሁለት ወር ያህል ጠብቅ ተባለ። ሴፕቴምበር 30 ለሚጠብቀው ሰው ሁለት ወር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሜዲካልን ለመጨረሻው ሳምንት ማቆየት ሞኝነት ነው።

ሽሮ ሜዳ ያለው ኤምባሲ በማለዳ ተሰለፍን። እጃችንን አንስተን ምለን፣ አሻራ ሰጠን። መቼ ተጋባችሁ፣ የት ተገናኛችሁ፣ ፎርሙን ማን ሞላልህ ተባልኩ። «ካፌ ነው የሞላሁት፣ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር» አልኩ። የአባቴን ስም ሲያዩ ቀና አሉ። የፍርድ ቤቱን ወረቀት አቀረብኩ፤ አነበቡት፣ አለፉት። ልቤ ሊረጋጋ ሲል ስፖንሰሩ ላይ ተያዝኩ። ሚኒያፖሊስ ያለች የባለቤቴ የአክስት ልጅ አይ-134 የሚባለውን የስፖንሰር ፎርም ሞልታ ልካልን ነበር፣ የታክስ ወረቀቷን ግን አላያያዘችም። እኔም ልብ አላልኩም። ስሙን ሦስት ጊዜ ሳጣራ ይኼ አመለጠኝ። «ይኼን አሟላና አምጣ» የሚል ወረቀት ሰጡኝ።

ቀላል ነገር ነበር፤ በኢሜይል ትልከዋለች፣ ፕሪንት አደርጋለሁ። ጅማ ተመለስን። ሰኔ 15 ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላይ የባለሥልጣናቱ ግድያ ተፈጠረና ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ጠፋ። አሥር ቀን ያህል! ካፌው በር ላይ «ኔትወርክ የለም» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። ደግነቱ ስልክ ይሠራል። ባለቤቴ ለአክስቷ ልጅ ደውላ አለቀሰችባት። እሷም ወረቀቱን ፕሪንት አድርጋ፣ በዚያው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ የምትበር ጎረቤቷን ይዛ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችልን። እኔ ተቀብዬ ኤምባሲ አደረስኩ። «ሰው እየመጣ ነው» የሚባለው ነገር የኛ ትልቁ ፖስታ ቤት ነው፣ እውነቴን ነው።

ሐምሌ ውስጥ ፓስፖርታችን ቪዛ ተለጥፎበት ወጣ። ከታሸገ ፖስታ ጋር ነበር፤ እስከ መግቢያው ኤርፖርት ድረስ እንዳይከፈት። እናቴ እንዳይጠፋ ብላ በነጠላ ጠቀለለችው። ነሐሴ 2011 በረርን።

አሜሪካ ላይ ቀሪው ቀላል ነበር። ቪዛው ከገቢ ማህተሙ ጋር ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል፤ ካርዱ በሳምንታት ውስጥ በፖስታ መጣ፣ አሥር ዓመት ይሠራል። ሲልቨር ስፕሪንግ ገባን፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። ባዮሎጂ አስተማሪው ቲኬት ይቆርጣል።

ግን ካርዱ «ቋሚ» ይባል እንጂ እንደ መሬት አይቀመጥም። በእኛ 2014 ላይ እናቴ ታማ ጅማ ሄድኩ። አንድ ወር ያልኩት አምስት ወር ከሃያ ቀን ሆነ። ከስድስት ወር ካለፈ ለዜግነት የሚቆጠረው ጊዜ ሊቋረጥ ይችላል፤ መግቢያው ላይም ጥያቄ ይበዛል። ያለ ሪኢንትሪ ፐርሚት፣ ማለትም ያለ መመለሻ ፈቃድ፣ ዓመት ካለፈ ካርዱ ራሱ አደጋ ላይ ነው። ፐርሚቱ ደግሞ የሚጠየቀው አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ጅማ ተቀምጬ ባስታውሰው ምን ሊረባኝ? እማዬ ቀኑን እንደምቆጥር ታውቅ ነበር። «ሂድ በቃ፣ ተሽሎኛል» አለችኝ፤ አልተሻላትም ነበር። የዲቪ ፎርም ላይ ስለዚህ የተጻፈ ነገር የለም።

ጥቅምት 2017 ላይ እንደገና ጅማ ነበርኩ። የጎረቤታችን ልጅ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ መጣና «ጋሼ፣ ዲቪ ሞልቻለሁ፤ እንዴት ነው የሚደረገው?» አለኝ።

«ቁጥርህን አሳየኝ» አልኩት።

«የምን ቁጥር? የካፌው ልጅ ጋ ነው፤ ከደረሰህ እደውላለሁ ብሎኛል።»

ውጪው ዝናብ ነበር። ከእማዬ በር ጀርባ ጃንጥላ አነሳሁና «ና፣ ሳይዘጋ እንድረስበት» አልኩት።